ባርባራ ጆርዳን ሁለቴ ተሸንፋ እንዴት ሴናተር ሆነች?

የሂዩስተን እናት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የ8ኛ ክፍል ልጄ ስለ አንድ የቴክሳስ ሕግ አውጪ ክፍል ውስጥ እንድታቀርብ ታዛለች። ባርባራ ጆርዳንን መረጠች። የምናገኘው ግን በብዛት የዋሽንግተን ሥራዋን ነው፤ በ1974 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ከሥልጣን ይነሱ በተባለበት ጉዳይ ያደረገችውን ንግግር። አስተማሪዋ የፈለገችው ኦስቲን፣ የቴክሳስ ምክር ቤት የነበረችበትን ጊዜ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የስቴት ሴናተር ሥራው ምን እንደሆነ እኔም አይገባኝም። ደግሞ ሁለቴ ተሸንፋ በሦስተኛው አሸነፈች ይላል። ምን ቀይራ ነው? የምታውቁ እባካችሁ።

የኦስቲን ታክሲ ነጂ፦
እህቴ፣ እዚህ የኤርፖርታችን ተርሚናል በእሷ ስም ነው የሚጠራው። ውስጥ የነሐስ ሐውልቷ አለ፣ ቁጭ ብላ። አንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ እናት ሻንጣ ይዤላቸው ስገባ፣ «ልጄ፣ ይቺ ደርባባ ሴት ማን ናት?» አሉኝ። በየቀኑ ሰው የማደርስበት ቦታ ነው፣ ግን አላወቅኩም። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ እሷ ምንም አልቀየረችም። የተቀየረው የምርጫ ወረዳዎቹ ካርታ ነው። በ1936 እዚያው ሂዩስተን ተወለደች፣ ያደገችው ፊፍዝ ዋርድ የሚባል ሰፈር ነው። አባቷ ሰባኪም የመጋዘን ሠራተኛም ነበሩ። በ1959 ቦስተን ሕግ ተምራ ጨርሳ ተመለሰች። የመጀመሪያ ቢሮዋ የወላጆቿ የምግብ ጠረጴዛ ነበር! ደንበኞቿን እዚያ ነበር የምታስተናግደው። በ1962 እና በ1964 ለቴክሳስ የታችኛው ምክር ቤት ተወዳደረች። ያኔ ሂዩስተን ያለችበት የሃሪስ ካውንቲ ሕዝብ በሙሉ ነበር ለእያንዳንዱ ወንበር ድምፅ የሚሰጠው። ሰፈሯ ነቅሎ ቢወጣላትም ድምፁ በካውንቲው ብዛት ተዋጠ። ከዚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የምርጫ ወረዳዎች የሕዝብ ቁጥራቸው ተቀራራቢ ይሁን ብሎ ወሰነ። ካርታው እንደገና ተሠመረ፣ ሰፈሯም ራሱን ቻለ። በ1966 ለቴክሳስ ሴኔት፣ ለላይኛው ምክር ቤት፣ ተወዳድራ አሸነፈች። ከ1883 ወዲህ እዚያ ሴኔት የገባ ጥቁር አልነበረም፣ ጥቁር ሴት ደግሞ ከነጭራሹ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሴናተሮቹ 31 ናቸው። መደበኛ ስብሰባው በሁለት ዓመት አንዴ፣ ቢበዛ 140 ቀን ነው። ደመወዙ ዛሬም በወር 600 ዶላር ነው፤ የኔ የአንድ ወር ኢንሹራንስና ቤንዚን አይሸፍንም። ስለዚህ ሌላ መተዳደሪያ የግድ ነው። ግን የልጅሽ ትምህርት ቤት በጀት፣ የምነዳበት መንገድ፣ ብዙው ነገር የሚወሰነው እዚያ ነው። እሷም የቴክሳስን የመጀመሪያ ዝቅተኛ የደመወዝ ሕግ ያስወጣችው እዚያ ሆና ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ ላልደረሰላቸው ሠራተኞች። ሰው ዋሽንግተንን ብቻ ሲያወራ የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ዳላስ ያለሁ፦
ወንድሜ ሁሉንም ብሎታል። አንድ ልጨምር። በ1972 ባልደረቦቿ የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት አድርገው መረጧት። አገረ ገዢውና ምክትላቸው ከስቴቱ ሲወጡ ሥልጣኑ ለእሷ ይተርፋል። ጁን 10 ለአንድ ቀን የቴክሳስ አገረ ገዢ ሆነች። አባቷ ሊያዩዋት መጥተው ነበር። ዕለቱን ታመሙ፣ በማግስቱ አረፉ። እኔ ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። የምረቃዬ ዕለት ሱፋቸውን ለብሰው መጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

የሂዩስተን እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ለልጄ አነበብኩላት። ሁለት ካርታ እሥላለሁ ብላ ካርቶን አስገዝታኛለች። አንዱ የ1962፣ አንዱ የ1966። አሁን ወለሉ ላይ ተንበርክካ የፊፍዝ ዋርድን ድንበር በቀይ እያሰመረች ነው። የምግብ ጠረጴዛውንም ጥግ ላይ እሥለዋለሁ ብላለች።

የኦስቲን ታክሲ ነጂ፦
ጎሽ! ኦስቲን ከመጣችሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። መቃብሯ እዚሁ የስቴቱ መካነ መቃብር ነው፤ እዚያ የተቀበረች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። እኔ አደርሳችኋለሁ፣ ሒሳብ የለም።