ዊንዶውስ 10 ካበቃ በኋላ፦ አዲስ ኮምፒውተር ልግዛ ወይስ ባሉት ላይ ሊኑክስ ልጫን?

ጸሐፊቱ፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ከተማ አነስተኛ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የምሠራባቸው 6 ዴስክቶፖች ሲሆኑ የአራቱ ፕሮሰሰር 4ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5፣ የሁለቱ ደግሞ ኮር 2 ዱዎ ነው፤ ሁሉም ባለ 4 ጊጋባይት ራም ናቸው፤ ዲስካቸውም ያው የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቆመ ወዲህ ዕቃ የሚያመጡልኝ ነጋዴዎች «8ኛ ጀነሬሽን ካልገዛሽ ሥራሽ ይቆማል» ይሉኛል፤ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማረው የእኅቴ ልጅ ደግሞ «አክስቴ፣ በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ የተባለውን ክፍት ሲስተም ጫኚና ተገላገዪ» ይለኛል። ሁለቱም ወገኖች ያለ አንዳች ጥርጥር ስለሚናገሩ ማንን እንደማምን ግራ ገብቶኛል።

ሥራዬ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታና የኪራይ ውል መተየብና ማተም ነው። ደንበኞች ፋይላቸውን በፍላሽ ያመጡልኛል። ባለፉት ዓመታት ያጠራቀምኳቸው የውልና የአቤቱታ ናሙናዎች በአብዛኛው በድሮው የግዕዝ ፎንት የተጻፉ ናቸው። እነዚህን ሳላጣ፣ ገንዘቤንም በከንቱ ሳላፈስ ምን ማድረግ ይሻለኛል? በሥራው ያለፋችሁበት ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ባለ ጥገናው፣ ከሸዋ ሮቢት

እኅቴ፣ ከሁሉ አስቀድመው ዲስኩን በኤስኤስዲ ያስቀይሩ። በዴስክቶፕ ውስጥ የሚገኘው የተለመደው ሀርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ ነው፤ የተፈለገው መረጃ ዞሮ ከዲስኩ አንባቢ ጫፍ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ ግድ ሲሆን፣ ይህ ብቻውን ከ4 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል፤ አንባቢው ከቦታ ቦታ የሚሄድበት ጊዜ ደግሞ ይጨመርበታል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ያንኑ መረጃ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ያቀርባል። ኮምፒውተር ሲከፈት የሚያነባቸው ትናንሽ ፋይሎች በሺዎች የሚቆጠሩ በመሆናቸው፣ ጠዋት አብርተው ቡና አፍልተው እስኪመለሱ ድረስ የሚያስጠብቅዎ ይኸው ጥቃቅን ጊዜ ተጠራቅሞ ነው። ቀጥሎ ራሙን 8 ጊጋባይት ያድርሱት። ከዚያ በኋላ የትኛውንም ሲስተም ቢጭኑ አራቱ አይ 5 ማሽኖች ለጽሕፈት ሥራ ገና ብዙ ያገለግላሉ።

የነጋዴዎቹ ንግግር ግማሽ እውነት አለው። ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል። ፍተሻውን እየዘለሉ የሚጭኑ ባለሙያዎች በየከተማው አሉ፤ በአይ 5ዎቹ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን አምራቹ የማይደግፈው ጭነት ስለሆነ ነገ ለሚመጣው ማሻሻያ ዋስትና የለውም። ለኮር 2 ዱዎዎቹ ግን ይህም መንገድ ዝግ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ከ24ኤች2 ስሪት ጀምሮ ፖፕካውንት የሚባል የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስለሚፈልግና እነዚያ ፕሮሰሰሮች ትእዛዙ ስለሌላቸው ጨርሶ አይነሣላቸውም።

በነገራችን ላይ ማሽኖቹን ከፍተው አቧራውን ያስነፉ፤ የፕሮሰሰሩንም ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ያስቀይሩ። እዚህ ቆላው ላይ ማሽን ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባለቤቱ ግን ቫይረስ ነው ብሎ በየወሩ ፎርማት ያስደርጋል። እናንተን ብርዱ ከዚህ አድኗችኋል።

ስለ ሊኑክስ የማውቀውን ልናገርና ላብቃ። ከጫንኩላቸው ደንበኞች መካከል በሳምንቱ ተመልሰው «የለመድኩትን መልስልኝ» ያሉኝ ይበዛሉ። ሲስተሙ ተበላሽቶ አይደለም፤ ሥራቸው ከሌላ ሰው ፋይል ጋር የተያያዘ ሆኖባቸው ነው።

የምንጭ ኮድ ወዳጅ፣ ከደብረ ብርሃን

የቀደሙት ወንድሜ ስለ ዲስኩ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። የመጨረሻውን አንቀጽ ግን ሳልከራከር አላልፈውም፤ ምክንያቱም ተጠቃሚው ለምን እንደሚለውጥ ሳይነገረው ከተለወጠለት፣ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

ብዙዎቻችን ሊኑክስን የምናስተዋውቀው «ገንዘብ አይከፈልበትም» በማለት ነው። ይህ በእኛ አገር ውኃ የማያነሳ ክርክር ነው፤ ዊንዶውስንም ከፍሎ የጫነ ሰው በጣት የሚቆጠር ነውና። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ግኑ የተባለውን የነጻ ሲስተም ፕሮጀክት ካወጀ ጀምሮ ሲያስረዳ የኖረው ሌላ ነገር ነው፤ በእንግሊዝኛ ያለ ክፍያ ለማለትም ነጻነት ያለው ለማለትም የሚያገለግለው ቃል አንዱ «ፍሪ» በመሆኑ ማስረዳቱ አድካሚ ሆኖበታል። አማርኛችን ግን በአንዲት «በ» ይለየዋል፤ «በነጻ» ስንል ስለ ኪስ እንናገራለን፣ «ነጻ» ስንል ፕሮግራሙን አይቶ ስለ መለወጥ ሥልጣን። ስቶልማንን ለዚህ ካነሣሡት ነገሮች አንዱም ከእርስዎ ሙያ ሩቅ አይደለም፤ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ የነበረው የዜሮክስ ሌዘር ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ለተጠቃሚዎች መልእክት እንዲልክ አድርጎ ሊያሻሽለው ፈልጎ የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራመሮች የጻፉትን ዋናውን ጽሑፍ፣ ተከልክሎ ነበር። ወረቀት በነከሰ ፕሪንተር ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ማብራሪያ ሳያሻው ይረዳዋል።

ለእርስዎ ሥራ ትልቁ ጥቅም ግን ፍላሽ ነው። የተማሪውን ፎልደር ደብቆ በቦታው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ሲሰካ አይነሣም፤ የተደበቀውም ፎልደር እንደ ወትሮው ይታያል። ደንበኛ የሚያመጣውን ፍላሽ ሁሉ የሚቀበል አንድ የሊኑክስ ማሽን መግቢያው ላይ ቢያቆሙ፣ ሌላ ምንም ባይለውጡ እንኳ ይጠቀማሉ።

ወደ ፎንቱ ስመለስ፣ የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው፤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት የሚሆኑት ለዚህ ነው። ግዕዝ በዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ደረጃ፣ የራሱን ስፍራ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ስሪት ነው። ስለዚህ ናሙናዎችዎን የያዘብዎ ዊንዶውስ ነው ብለው አያስቡ፤ ዊንዶውስ 11 ላይም ፎንቱ ከሌለ ያው ናቸው። የፎንቱን ፋይል ሊኑክስ ላይ ቢጭኑት አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ይታያል፤ ነገር ግን አንድ ስም በፍለጋ ማግኘት አይቻልም፤ ለኮምፒውተሩ ጽሑፉ አሁንም ላቲን ነው። ለመተየብ ሴራ የተባለው ዘዴ አይባስ ከተባለው የሊኑክስ የመተየቢያ ፕሮግራም ጋር ይገኛል፤ ተነባቢውን ብቻ ሲነኩ ሳድሱ ይወጣል፣ አናባቢ ሲያስከትሉ ወደሚፈልጉት ይለወጣል። ኪማን የተባለው የመተየቢያ ፕሮግራምም ሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ እርሱም ዛሬ ምንጭ ኮዱ ክፍት ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ከደብረ ሲና

ወንድማችን ስለ ነጻነት ያብራሩት ጥሩ ነው፤ የጽሕፈት ቤት ገቢ ግን በገጽ ነው የሚቆጠረው። አንድ ተማሪ በኛላ ፎንት የጻፈውንና ማውጫውን በገጽ ቁጥር ያስተካከለውን ጽሑፍ ይዞ መጣ እንበል። ኛላ የማይክሮሶፍት ፎንት ስለሆነ ከሊኑክስ ጋር አይመጣም፤ በሊኑክስ የምንጽፍበት ሊብሬኦፊስ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ በተባሉት ክፍት ፎንቶች ይተካዋል፤ የፊደላቱ ስፋት ስለሚለያይ 42ኛው ገጽ ላይ የነበረው ርእስ 44ኛው ላይ ይገኛል። በእንግሊዝኛ ለተጻፈው ይህ ችግር ተቃልሏል፤ ሊበሬሽን ሴሪፍ የተባለው ክፍት ፎንት የፊደሉ ስፋት ከታይምስ ኒው ሮማን ጋር እኩል ሆኖ ስለ ተሠራ መስመሩ አይዛነፍም። ለኛላ እንዲህ ያለ ምትክ እስካሁን አላየሁም። የክፍት ምንጭ ወዳጆች በየመድረኩ ከመከራከር ይህን አንድ ፎንት ቢሠሩልን ምናለበት?

ሁለተኛው ጉዳይ ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ነው። የሒሳብ መዝገብዎን በእርሱ የሚይዙ ከሆነ ዊንዶውስ ግዴታ ነው። በሊኑክስ ላይ፣ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሚያስነሣው «ወይን» በተባለ ፕሮግራም በኩል ሊነሣ ይችላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለግብር የማቀርበውን መዝገብ «ሊነሣ ይችላል» ላይ አላስቀምጥም።

መምህር፣ ከመሐል ሜዳ

በእኛ ትምህርት ቤት በእርዳታ የመጡ ያረጁ ኮምፒውተሮች ስላሉ ሁለቱንም ሞክረናል። ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጭነን፣ ኪዊክስ በተባለው ክፍት ፕሮግራም ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት አስቀምጠን ተማሪዎቹ እንዲያነቡ አድርገናል፤ መስመር በማይኖርበት ቀን ዋጋው ታላቅ ነው። ነገር ግን የአይሲቲ መማሪያ መጽሐፉ ምሳሌዎች የማይክሮሶፍት በመሆናቸው፣ ተማሪው መጽሐፉ ላይ የሚያየው ቁልፍ ስክሪኑ ላይ ሌላ ቦታ ሆኖ ሲያገኘው ሰዓቱ በፍለጋ ያልፋል። ሁለቱንም የለመዱት ልጆች ግን የትኛውም ኮምፒውተር ፊት ቢቀመጡ አይደናገጡም።

የሸዋ ሮቢቱ ወንድማችን ስለ ሙቀት ሲያነሡ እኔም ስለ ከፍታ ልጨምር። የሀርድ ዲስክ አንባቢ ሰሌዳውን ሳይነካ በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፎ ነው የሚሠራው፤ አየሩ ሲሳሳ መንሳፈፊያውም ይሳሳል። በዚህም ምክንያት ብዙ አምራቾች የዲስኩን የሥራ ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ብለው ይወስናሉ፤ ይህም 10 ሺህ ጫማ ማለት ነው። መንዝ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ለተቀመጥን ሰዎች ይህ ቁጥር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ዲስኮቻችን የሚሞቱት በከፍታው ነው ብዬ አልምልም፤ መብራት በድንገት እየጠፋም ብዙ ሞተውብናል። ቢሆንም ኤስኤስዲ መንሳፈፊያ አያሻውምና ለእኛ ምርጫው ቀላል ነበር።

ባለ ጥገናው፣ ከሸዋ ሮቢት

መምህር፣ ስለ ከፍታው አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። እኅታችን ኤስኤስዲ ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ፤ ላዩ ላይ የተጻፈው መጠን ውስጡ የሌለ ዕቃ ገበያ ላይ አለ። ኤፍ3 የሚባለው ክፍት ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ በማንበብ እውነተኛውን መጠን ይናገራል፤ ሊኑክስ ላይ ይሠራል። እንግዲህ የሊኑክስ ጠላት ነው እንዳትሉኝ፣ እኔ ራሴ የምጠቀምበት ለዚህ ነው። ስለ ፕሪንተሩም ከመጫንዎ በፊት ያረጋግጡ፤ የኤችፒ ፕሪንተሮች ኤችፒሊፕ የተባለ ክፍት ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) አላቸው፤ ሆኖም እንደ ፒ1102 ያሉት በተጨማሪ ዝግ ፕለጊን፣ ማለትም ምንጭ ኮዱ የማይታይ ቅጥያ ፕሮግራም፣ ካልወረደላቸው አያትሙም።

የምንጭ ኮድ ወዳጅ፣ ከደብረ ብርሃን

ፕለጊኑን በተመለከተ ልክ ነዎት፤ ስቶልማን ከ40 ዓመት በፊት የተናደደበት ነገር ዛሬም በየጠረጴዛችን ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ስለ ኛላ የተነሣውንም ጥያቄ በቅንነት እቀበላለሁ። አቢሲኒካ በክፍት የፎንት ፈቃድ የወጣ ስለሆነ ስፋቱን አስተካክሎ በሌላ ስም ማውጣት ፈቃዱ አይከለክልም። የጎደለው ቁጭ ብሎ ከ300 በላይ ፊደላትን አንድ በአንድ የሚለካ ሰው ነው፤ እኔም እስካሁን አልተቀመጥኩም።

ጸሐፊቱ፣ ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ስሞክር ቆይቼ ነው የተመለስኩት። አንዱን አይ 5 ኤስኤስዲ አስገጥሜ፣ ራሙን 8 አድርሼ የእኅቴ ልጅ ሚንት የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫነልኝ። ማሽኑ የእኔ መሆኑን እስክጠራጠር ድረስ ፈጥኗል። በሁለተኛው ቀን አንድ ተማሪ «ፍላሼ ባዶ ሆነብኝ» ብሎ እያዘነ መጣ፤ ስንሰካው ፎልደሮቹ በሙሉ በቦታቸው ነበሩ።

ያልተሳካውንም ልንገራችሁ። ከሁለቱ ፕሪንተሮቼ አንዱ በሊኑክስ አልታዘዘም። በኛላ የተጻፈ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ከደብረ ሲና እንደተባለው ገጹ ተዛንፎ ማውጫውን እንደገና ለመሥራት አመሸሁ፤ ከዚያ ወዲህ ለኅትመት ብቻ የሚመጣውን ሁሉ በፒዲኤፍ እንዲያመጡልኝ በር ላይ ለጥፌያለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ደግሞ ሴራውን እየለመደችው ቢሆንም ሲቸኩልባት እጇ ወደ ድሮው ይሄዳል።

ስለዚህ የወሰንኩት እንዲህ ነው። ሦስቱ አይ 5 ማሽኖች ኤስኤስዲ ገብቶላቸው በሊኑክስ ይሠራሉ፤ አንዷ መግቢያው ላይ ሆና ፍላሽ ትቀበላለች። አራተኛው ዊንዶውስ 10 እንደያዘ ከኢንተርኔት ተነቅሎ ለሒሳቡ፣ ለእምቢተኛው ፕሪንተርና ለድሮዎቹ ፋይሎች ይቀመጣል። ከኮር 2 ዱዎዎቹ አንዱን ለልጆቼ መለማመጃ ወደ ቤት ወስጄዋለሁ፤ ሁለተኛው ለመለዋወጫ ይፈታል። አዲስ ኮምፒውተር ዘንድሮ አልገዛም።

ናሙናዎቹን በዩኒኮድ እንደ አዲስ መተየብ ጀምረናል። የቤት ኪራይ ውሉ ትናንት አለቀ፤ የመኪና ሽያጩ ውል ቀጥሎ ነው። እንደ ዋዛ የተጀመረው ይህ ሥራ ሳይታሰብ ሌላ ነገር አሳየኝ፤ በኪራይ ውሉ ስድስተኛ አንቀጽ ላይ ለዓመታት ስናትመው የኖርነው የፊደል ስሕተት አለ።