የኮሪ እናት ምክር ልክ ነው?

የማታ ተመልካች፦ ትናንት «ቤርፉት ኢን ዘ ፓርክ»ን («በባዶ እግር ፓርክ ውስጥ» ማለት ነው) ደገምኩት። ላላያችሁት፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ ፊልም ነው። ኮሪ (ጄን ፎንዳ) እና ፖል (ሮበርት ሬድፎርድ) ስድስት ቀን ሆቴል ተሞሽረው ኒውዮርክ፣ ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ አምስተኛ ፎቅ ላይ ጠባብ ቤት ይገባሉ። ሊፍት የለም። የጣሪያው መስኮት ተሰብሮ በረዶ ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ኮሪ ፍቺ ትላለች። እናቷ ደግሞ «ከራስሽ ትንሽ ተይለት፤ ክብር ይሰማው» ብላ ትመክራታለች። ልክ ናት?

ጀበና፦ በፍጹም! ለምን እሷ ብቻ? ቤቱን የመረጠችው እሷ ናት ብላችሁ እንዳትመጡብኝ።

አራተኛ ፎቅ፦ እመጣለሁ እንጂ! ሰውዬው ጀማሪ ጠበቃ ነው። በማግስቱ የመጀመሪያ ጉዳዩን ይዞ ችሎት ይቆማል፤ እሷ ግን ጨዋታ ላይ ናት። ስድስት ሳንቲም ካሳ አስፈርዶ ሲመለስ እንኳ የሚያዝንለት የለም። በተጣሉ ማታ ሶፋው ላይ ተኛ፣ በረዶው በቀዳዳው ይወርድበታል፤ በማግስቱ ጉንፋን ያዘው። እኔ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሞ ፎቅ የወጣ ሰው በፖል አይፈርድም።

ሰከን በሉ፦ ደረጃውን ካነሳህ አይቀር፣ የፊልሙ ምርጥ ቀልድ እሱ ነው። ስልክ ሊያስገባ የመጣው ሰውዬ በሩ ሲከፈትለት ቃል አይወጣውም፤ ያለከልካል። ደራሲው ኒል ሳይመን መጀመሪያ ለመድረክ ስለጻፈው አብዛኛው ነገር በዚያች አንድ ክፍል ያልቃል። ምክሩን ግን ለምን ቆረጣችሁት? እናትየው «ይህን ካደረግሽ ትዳርሽ ያምራል» ካለች በኋላ «ከአሥር ባልና ሚስት እንደ ሁለቱ» ብላ ትጨምራለች። እሷም ከልቧ አላመነችበትም።

ጀበና፦ ቀልዱ ገብቶኛል። ግን ምክሩ ለሴቷ ብቻ ነው የተሰጠው። ፖልን ማን ቁጭ አድርጎ መከረው?

አራተኛ ፎቅ፦ ሳይመከርስ አልተለወጠም? ኮሪ ስትለምነው እምቢ ብሎ፣ ኋላ በዚያ ብርድ ጫማውን አውልቆ ፓርክ የሄደው ማን ነው?

ጀበና፦ ሰክሮ ነዋ! ሰክሮ የተወው ተወ ይባላል እንዴ?

ሰከን በሉ፦ መጨረሻ ላይ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቁልቁል ሲያይ ግን ስካሩ ለቆት ነበር። ፍርሃቱን ሳይደብቅ እኮ ነው ኮሪን የጠራት።

ጀበና፦ እሺ። ሊያወርደው የወጣችውስ ማን ናት?