በሁለት ሌሊት የሐረር ጀጎልን ኑሮ ማየት ይቻላል ወይ?

ጠያቂ (ከአዲስ አበባ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሚመጣው ወር ከእናቴ ጋር ሐረርን ለመጎብኘት አስበናል። ያለን ጊዜ ሁለት ሌሊት ብቻ ሲሆን፣ እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ ዳገት አትችልም። ስለ ሐረር የሚነሣው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጅብ ማብላትና በፈረንሳዊው ገጣሚ በራምቦ ስም ስለሚጠራው ቤት ነው፤ እኔ ግን በይበልጥ ማየት የምፈልገው ሰዉ ጀጎል በሚባለው የጥንቱ ከተማ ግንብ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ነው። በየትኛው በር ብንገባና ምን ብናስቀድም ይሻላል? አስጎብኚ የግድ ያስፈልጋል? ማረፊያችንስ ግንቡ ውስጥ ይሁን ወይስ ውጭ?

የጀጎል ልጅ፦
እንኳን አሰባችሁን፤ በሰላም ያምጣችሁ። ማረፊያችሁን ግንቡ ውስጥ አድርጉት። እንግዳ የሚያሳድሩ ጥንታዊ የሐረሪ ቤቶች አሉ፤ ኑሮውን ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም ብዬ አምናለሁ። ቤቱ ከመንገድ ሲታይ ከአንድ በር በቀር ባዶ ግድግዳ ነው። ግቢውን አልፋችሁ፣ ጫማችሁን ደጃፍ ላይ አውልቃችሁ ወደ ዋናው ክፍል ስትገቡ ግን፣ ቀይ ወለልና ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች ታገኛላችሁ። መደቡን ናደባ እንለዋለን፤ በየትኛው ላይ ማን እንደሚቀመጥም የታወቀ ሥርዓት አለው። አባወራው የሚቀመጠው በአሚር ናደባ ላይ ሆኖ የሚገባውን ሰው በሚያይበት ቦታ ነው። በግድግዳው ላይ የቤቱ ሴቶች በእጃቸው የሰፏቸው ባለ ብዙ ቀለም ስፌቶች ከሳህኖች ጋር ተደርድረው ታያላችሁ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ፣ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክታል። በጎን በኩል ያለችው ጠባብ ክፍል ኪርታት ትባላለች፤ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት በእርሷ ነበር። የወለሉን ቅላት በተመለከተ፣ በ1879 ዓ.ም. ከምኒልክ ጦር ጋር በተደረገው የጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት ሰዎች መታሰቢያ እንደሆነ ከታላላቆቻችን ስንሰማ አድገናል። ባለቤቶቹን በትሕትና ብትጠይቋቸው ስለዚህ ሁሉ በደስታ ያጫውቷችኋል፤ እናትሽ ወይም እናትህ አብረው መምጣታቸው ደግሞ ከቤቱ እናቶች ጋር ወሬውን ያቀልላችኋል።

አስጎብኚው፦
ስለ ማረፊያው ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ። የሐረር ገዥ የነበሩት አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ እነዚህም ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው። ለእናትዎ የሚመቸው ግን በኋላ ለመኪና የተከፈተው የሐረር በር ነው፤ ከዚያ በባጃጅ ፈረስ መጋላ እስከሚባለው አደባባይ ድረስ መድረስ ይቻላል። ከፈረስ መጋላ ተነሥታችሁ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ በኩል ቀስ እያላችሁ ወደ ግድር መጋላ ገበያ ውረዱ። ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ደጃፍ ላይ አውጥተው ስለሚሠሩ፣ ጨርቅ ገዝቶ በዚያው ማሰፋት ይቻላል፤ እናትዎ እየተሰፋላቸው አረፍ ለማለትም ይመቻቸዋል። ሙዚየም ከመረጣችሁ ሸሪፍ ሙዚየምን አስቀድሙ። ቤቱ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ሲሆን፣ በእጅ የተጻፉ ጥንታዊ መጻሕፍትና የሐረር አሚሮች ያስመቱት ገንዘብ ይገኝበታል። የራምቦ ቤት የሚባለው ደግሞ ገጣሚው ከሄደ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ መሆኑ ይነገራል፤ ሆኖም በውስጡ ያሉት የድሮዋ ሐረር ፎቶግራፎች መታየት ይገባቸዋል።

አስጎብኚ በሕግ ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ለመጀመሪያው ቀን ፈቃድ ያለው ሰው ያዙ፣ ዋጋውንም አስቀድማችሁ ተስማሙ። መንገዶቹ ጠባብና እርስ በርስ የተቆላለፉ ከመሆናቸውም በላይ፣ የሰው ቤትና የአውሊያ (የሙስሊም ቅዱሳን መቃብር) ቦታ በፈቃድ ስለሚገባበት፣ የሚያስተዋውቅ ሰው መኖሩ ክብር ነው። በገበያ ያሉትን ሴቶች ሳትጠይቁ ፎቶግራፍ አታንሡ፤ ይህን አጥብቄ የምለምነው ብዙ እንግዳ ስለሚዘነጋው ነው።

ከድሬዳዋ፦
በአንድ ነገር ልለይ። ጅቡን ከሐረሬዎች ኑሮ ለይቶ ማየት ልክ አይመስለኝም። በግንቡ ላይ ጅቦች ሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በዓሹራ፣ በሙስሊሞች በዓል ዕለትም፣ ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብላቸዋል። ስለዚህ በአንደኛው ምሽት ፈላና በር ወይም ሰንጋ በር ሄዳችሁ ማየታችሁ ከተነሣችሁበት ዓላማ አያወጣችሁም። ጉዞውን በተመለከተ፣ እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን መጥታችሁ ከዚያ በደንገጎ በኩል በመኪና መውጣት ለእናትዎ ይሻላል፤ መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከድሬዳዋ የጻፉልን እንዳሉት የመጀመሪያውን ምሽት ለፈላና በር እናደርገዋለን። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የምንደርሰው ሐሙስ ማታ ስለሆነ ዋናው የጉብኝት ቀናችን ዓርብ ላይ ይውላል፤ ይህ ያስቸግር ይሆን?

የጀጎል ልጅ፦
አያስቸግርም፤ ቀትር ላይ ግን ለጁምዓ ሶላት ብዙ ሱቆች ስለሚዘጉ መኪና ግርግርንና ገበያውን በጠዋት ጨርሱ። በሶላቱ ሰዓት ወደ ማረፊያችሁ ተመልሳችሁ ቡና ጠጡ፤ ሸሪፍ ሙዚየምን ለከሰዓት በኋላ አቆዩት፣ የሚከፈትበትን ሰዓትም ከአስጎብኚያችሁ አረጋግጡ።