ቶክሶ፦ ሁለቱም ፖዘቲቭ ወጣ

አዲስ አበባ ነኝ፤ የ11 ሳምንት እርጉዝ። ባለፈው ሳምንት የቶክሶፕላዝሞሲስ (ከድመትና ከጥሬ ሥጋ የሚይዝ፣ ፅንስ ሊጎዳ የሚችል በሽታ) የደም ምርመራ አደረግኩ፤ አይጂጂም አይጂኤምም (ሰውነት በሽታውን ለመከላከል የሚሠራቸው ሁለት ዓይነት ፀረ እንግዳ አካላት) ፖዘቲቭ። ቤት ድመት አለችን። ጥሬ ክትፎም በልቻለሁ፣ አልዋሽም።

ሐኪሜ እንደነገረችኝ አይጂኤም ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ደም ውስጥ ይቆያል። የቆየ ይሁን ከፀነስኩ ወዲህ የያዘኝ ለመለየት አቪዲቲ የሚባል፣ አይጂጂው ተሕዋሱን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚለካ ምርመራ ያስፈልጋል። ከፍተኛ ከወጣ ከያዘኝ ቢያንስ 4 ወር ገደማ ሆኖታል ማለት ነው። ከ16ኛው ሳምንት በኋላ ግን ብዙም አይረዳም።

ሦስት ላብራቶሪ ዞርኩ። አንዱ ስሙንም ሰምቶ አያውቅም። ሌላው ያንኑ አይጂኤም ደግሞ ሠርቶ አስከፈለኝ! ፈረንሳይ የወለደችው እህቴ በሽታው ይዟት ስለማያውቅ እስክትወልድ በየወሩ ይመረምሯት ነበር።

እዚህ አቪዲቲ የሚሠራ ወይም ናሙና ውጭ የሚልክ ላብራቶሪ የት አገኛለሁ?