ከኬንት ወደ ኦሎምፒያ፦ ከተማዋ ለስቴቱ በምታቀርበው ጥያቄ የእኛ ጉዳይ የት ይገባል?

ከኢስት ሂል (ጥያቄ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የኬንት ከተማ ለዋሽንግተን ስቴት ሕግ አውጪዎች በየዓመቱ የምታቀርበውን የቅድሚያ ጉዳዮች ዝርዝር ማኅበራችን ሊወያይበት ነው። የሚያስቸግረን ይህ ነው፦ ከተማዋ ከንቲባና ምክር ቤት እያላት ለምን ኦሎምፒያ፣ የስቴቱ ዋና ከተማ፣ ደጅ ትጠናለች? የቤት ኪራይ ጉዳይስ የማን ነው? ለማኅበረሰብ አዳራሽ የስቴት ገንዘብ መጠየቅ ይቻላል? የሚያውቅ ያስረዳን።

በጀት ተከታታይ

በግብር ጉዳይ ከተማ በዚህ ስቴት እጇ የታሰረ ነው። ምን ዓይነት ግብር፣ በስንት በመቶ፣ ለምን ሥራ እንደምትሰበስብ የሚፈቅድላት የስቴቱ ሕግ ነው። ዝርዝሩ ላይ የሚገኘው ከተማዋ በራሷ ልትወስነው ያልቻለችው ነገር ነው።

መጀመሪያ የንብረት ግብርን እንውሰድ። ከተማ ያለ ሕዝብ ድምፅ ከነባር ንብረት የምትሰበስበውን ጠቅላላ መጠን በዓመት ከ1 በመቶ በላይ ማሳደግ አትችልም፤ አዲስ ግንባታ ለብቻው ይታከላል። ደንቡ የመጣው በ2001 በኢኒሼቲቭ 747 (በሕዝብ ድምፅ በጸደቀ ሕግ) ነው። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 ሻረው፤ ሕግ አውጪዎቹ ደግሞ በዚያው ዓመት በልዩ ስብሰባ መልሰው አጸደቁት። ለምሳሌ አንዲት ከተማ 30 ሚሊዮን ዶላር ብትሰበስብ የሚጨመርላት 300,000 ዶላር ነው። ከዚያ ገንዘብ የሚከፈለው ደመወዝና ኢንሹራንስ በ4 በመቶ ቢወደድ ወጪው በ1.2 ሚሊዮን ያድጋል። 900,000 ጎደለ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ጉድለቱ በላዩ ላይ ይደራረባል። ገደቡን ወደ 3 በመቶ ለማሳደግ በ2025 ረቂቅ ቀርቦ ነበር፤ አላለፈም።

«1 በመቶ ከሆነ የኔ ቢል ለምን እንዲህ ዘለለ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሣል። ገደቡ የተጣለው በእያንዳንዱ ቤት ቢል ላይ ሳይሆን ከተማዋ በምትሰበስበው ጠቅላላ ድምር ላይ ነው። የእርስዎ ቤት ዋጋ ከጎረቤት በፍጥነት ካደገ ድርሻዎ ይጨምራል። ደግሞም በኪንግ ካውንቲ ከቢሉ ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለትምህርት ቤት ነው። በኬንት እሳት አደጋውም የከተማው ሳይሆን ራሱን የቻለ ባለሥልጣን ነው፤ በራሱ መስመር ያስከፍላል። ቢሉን ዘርግታችሁ መስመር በመስመር ሳታነቡ ከንቲባዋ ላይ አትጩኹ።

ሁለተኛው የሽያጭ ግብር ነው፤ እዚህ ላይ የኬንት ታሪክ ከሌሎቹ ይለያል። ኬንት ሸለቆ የመጋዘን አገር ነው። እስከ ጁን 2008 ድረስ ከኬንት መጋዘን ተጭኖ ሌላ ከተማ፣ ቤልቪው፣ ለሚደርስ ሶፋ የአካባቢው ድርሻ የሚገባው ለኬንት ነበር። ከጁላይ 1, 2008 ጀምሮ ግን ግብሩ ዕቃውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ለቤልቪው ይገባል። ሶፋውን የጫነው ከባድ መኪና መንገዱን የሚሰብረው ግን እዚሁ ኬንት ላይ ነው። ስቴቱ ማካካሻ ሲከፍል ቆይቶ ኋላ ላይ ቀነሰው፤ በዚህ የተነሣ ይህ ጥያቄ ለዓመታት ከከተማዋ ዝርዝር አልጠፋም። እኔ ከተማዋ እውነት አላት ባይ ነኝ።

ለመጠን ያህል፦ በ100 ዶላር ዕቃ ላይ ስቴቱ 6 ዶላር ከ50 ይወስዳል። ከተማ ከመሠረታዊው የአካባቢ ግብር የምታገኘው 85 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ከዚያው ግብር 15 ሳንቲም ለካውንቲው ነው። የቀረው ለትራንዚትና ለሌሎች ልዩ ዓላማዎች ይከፋፈላል።

የቤት ጉዳይ

ስለ ኪራይ፦ የከተማው ምክር ቤት ፊት ቆሞ «ኪራይ ገድቡልን» ማለት ከ1981 ጀምሮ የተዘጋ በር ማንኳኳት ነው። በዚያ ዓመት የወጣ የስቴት ሕግ ከተሞች የግል ቤት ኪራይ እንዳይቆጣጠሩ ይከለክላል። ገደብ የመጣው ከስቴቱ ነው፤ በ2025 ኤች ቢ (የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቅ) 1217 ሕግ ሆኖ ወጣ። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ጭማሪ የለም። ከዚያ በኋላ በ12 ወር ውስጥ ከፍተኛው ጭማሪ 7 በመቶ ሲደመር የኑሮ ውድነት መጠን ወይም 10 በመቶ ነው፤ ከሁለቱ ያነሰው ይሠራል። ማስታወቂያው በጽሑፍ ከ90 ቀን በፊት መድረስ አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ ሕንፃው ሰው እንዲኖርበት መጀመሪያ ከተፈቀደ 12 ዓመት ካልሞላው ገደቡ አይመለከተውም። ስለዚህ 15 በመቶ ሲጨመርባችሁ መጀመሪያ የሕንፃውን ዕድሜ አጣሩ።

በኡበርና በሊፍት ላይም ያው ነው። ከ2022ቱ ኤች ቢ 2076 ወዲህ የሾፌሮችን ክፍያ የሚወስነው ስቴቱ ነው፤ ኬንት የራሷን ደንብ ማውጣት አትችልም።

በግቢያችሁ ተጨማሪ ቤት ለመሥራት የምታስቡ ደግሞ፦ በ2023ቱ ኤች ቢ 1110 መሠረት ከ75,000 ሕዝብ በላይ ያላቸው ከተሞች በአንድ የመኖሪያ ቦታ ላይ 4 ቤት መፍቀድ አለባቸው፤ ከዋና የትራንዚት ጣቢያ ሩብ ማይል ውስጥ ከሆነ ደግሞ 6። ግን ሰፈራችሁ ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካለው አርክቴክት ከመቅጠራችሁ በፊት የቆየውን ውል አንብቡ። ሕጉ አዲስ የኤችኦኤ ክልከላ እንዳይጻፍ እንጂ የድሮው እንዲሰረዝ አላደረገም። ለአንድ ቤተሰብ የተዘረጋ የውኃና የፍሳሽ ቧንቧ ለአራት ላይበቃ ይችላል። ከተሞች «ፍቀዱ ካላችሁን የቧንቧውን ገንዘብ ስጡን» የሚሉት ለዚህ ነው።

ኦሎምፒያ የሚመላለስ

ዋናው ነገር ጊዜ ነው። የስቴቱ ምክር ቤት የሚከፈተው በጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ነው፤ በጎዶሎ ዓመት 105 ቀን፣ በሌላው 60 ቀን ይቀመጣል። የሁለት ዓመቱ በጀት የሚሠራው በረጅሙ ስብሰባ ነው፤ የሚቀጥለው ረጅም ስብሰባ ጃንዋሪ 11, 2027 ይጀምራል። ከተሞች ዝርዝራቸውን የሚያጸድቁት ከዚያ በፊት፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ጉዳያችሁ እዚያ እንዲገባ ከፈለጋችሁ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር የከተማ ምክር ቤት አባላትን አነጋግሩ። ገናን አክብረን እንነሣ ያለ ማኅበር አልፎበታል።

ከዝርዝሩ ውጭ ሆናችሁም ለሕግ አውጪዎቹ በቀጥታ መናገር ትችላላችሁ። እያንዳንዱ ነዋሪ አንድ ሴናተርና ሁለት ተወካይ አለው። ኬንት ግን በአንድ የምርጫ ወረዳ አትጠቃለልም፤ 33ኛውም 47ኛውም ይነካታል። ደብዳቤ ላይ ስትፈርሙ የቤት አድራሻ ጻፉ፤ ሠራተኞቻቸው መጀመሪያ የሚያዩት «የእኛ መራጭ አካባቢ ነው ወይ?» የሚለውን ነው። በ1-800-562-6000 ብትደውሉ መልእክታችሁ ለሦስቱም ይደርሳል።

ኮሚቴ ፊት ለመመስከር መሄድ አያስፈልግም፤ በዙም ይቻላል። በስቴቱ ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ ኮሚቴውን፣ ቀኑን፣ ከዚያ የረቂቁን ቁጥር ትመርጣላችሁ። ቀጥሎ ሦስት አማራጭ ይመጣል፦ ቀርቦ መናገር፣ አቋም ብቻ ማስመዝገብ፣ በጽሑፍ መላክ። አቋም ብቻ ማስመዝገብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሃምሳ ሰው «ደጋፊ» ብሎ ቢመዘገብ ቁጥሩ ለኮሚቴው ይታያል። ምዝገባው ስብሰባው ሊጀምር አንድ ሰዓት ሲቀረው ይዘጋል። ለመናገር የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሰላምታውና ምስጋናው ግማሹን እንዳይበላው። ስም፣ ከተማ፣ የረቂቅ ቁጥር፣ ድጋፍ ወይስ ተቃውሞ፣ አንድ ምክንያት፣ በቃ።

አንድ ቃል ሰውን ሁሌ ያደናግራል። በከተማ ምክር ቤት «ኤግዘኪዩቲቭ ሴሽን» ማለት ዝግ ስብሰባ ነው። በኦሎምፒያ ኮሚቴ ውስጥ ግን ሕዝብ እያየ በረቂቁ ላይ ድምፅ የሚሰጥበት ነው። ዝግ መስሏችሁ እንዳትቀሩ። ረቂቁ እዚያ ካልደረሰ የመቁረጫው ቀን (ረቂቅ ከኮሚቴ መውጣት ያለበት የመጨረሻ ቀን) ይጥለዋል፤ በአጭሩ ስብሰባ የመጀመሪያው መቁረጫ ሦስት ሳምንት ተኩል ገደማ ላይ፣ በረጅሙ ስድስት ሳምንት ገደማ ላይ ነው። ከኮሚቴ ያለፈውም ሩልስ ኮሚቴ (የትኛው ረቂቅ ለሙሉ ጉባኤ እንደሚቀርብ የሚመርጠው) ውስጥ ተቀምጦ ብዙ ጊዜ እዚያው ይሞታል። ስልክ መደወል ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ረቂቁ እዚያ በተቀመጠበት ሳምንት ነው።

ከኢስት ሂል

እግዜር ይስጥልኝ። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው መመስከር ይችላል? ስብሰባው ያመለጠውስ?

ኦሎምፒያ የሚመላለስ

ይችላል። ለመመስከርም ለመጻፍም ዜግነት አይጠየቅም። ድምፅ መስጠት ግን የዜጋ ብቻ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ የመራጭ ምዝገባ ጥያቄ ከቀረበላችሁ ዜጋ ካልሆናችሁ «አይ» በሉ። ይህ ስህተት ኋላ የዜግነት ማመልከቻን ያበላሻል። ስብሰባው ያመለጠው ሰው ከተጀመረበት ሰዓት አንሥቶ እስከ 24 ሰዓት ድረስ በጽሑፍ መላክ ይችላል።

ሒሳብ ሠራተኛ

ስለ አዳራሹ እኔ ልመልስ። አዎ፣ ይቻላል። ከስቴቱ የካፒታል (የግንባታ) በጀት ለአካባቢ ፕሮጀክቶች የሚመደብ ገንዘብ አለ፤ የሚጠየቀው በወረዳችሁ ሕግ አውጪ በኩል ነው። ማኅበሮች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ግን ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ ነው።

ገንዘቡ በቅድሚያ አይሰጥም። መጀመሪያ ሥራው ይሠራል፣ ደረሰኝ ይቀርባል፣ ከዚያ የስቴቱ የንግድ መምሪያ ወጪውን ይተካል። ስለዚህ 300,000 ዶላር ተፈቀደልን ብሎ በባንክ 5,000 ይዞ የተነሣ ማኅበር ኮንትራክተሩን የሚከፍልበት የለውም፤ ከባንክ የብድር መስመር አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ቦታው የራሳችሁ ወይም በረጅም ሊዝ የተያዘ መሆን አለበት። የግንባታ ሠራተኛው የሚከፈለው ስቴቱ በሚወስነው የደመወዝ ልክ ነው። ይህን ሳያስገቡ የተሠራ ግምት ከእውነተኛው ዋጋ በጣም ያንሳል። «አባላት በነፃ ይቀቡታል» የሚለው ሐሳብም ከመምሪያው ጋር ሳይነጋገሩ አይጀመርም።

አዳራሹ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። የስቴቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 11 የሕዝብ ገንዘብ ለአምልኮ እንዳይውል ይከለክላል። ከእሑድ እስከ እሑድ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ በተለየ ድርጅት ስም የተያዘ አዳራሽ ካልሆነ ማመልከቻው ላይ ጊዜ አታባክኑ።

«ረቂቅ ከደገፍን ከግብር ነፃ መሆናችንን እናጣለን» የሚለውን ስጋት በተመለከተ፦ 501(ሲ)(3) (ከፌደራል ግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት) ድርጅት እጩ መደገፍ ፈጽሞ አይችልም። ረቂቅ ሕግ መደገፍ ግን በልኩ ይችላል። ልኩ ግልጽ እንዲሆን ቅጽ 5768 ለአይአርኤስ (ለፌደራል የግብር መሥሪያ ቤት) መላክ ነው፤ አንድ ገጽ ናት። ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያው 500,000 ዶላር ዓመታዊ ለማኅበሩ ዓላማ የሚወጣ ወጪ እስከ 20 በመቶውን ለዚህ ሥራ ማዋል ይፈቀዳል። 80,000 ዶላር የሚያወጣ ማኅበር 16,000 ድረስ ማለት ነው። አብያተ ክርስቲያናት ግን ይህን ቅጽ መጠቀም አይችሉም። ያለ ክፍያ የሚሄዱ አባላት ጊዜ ከዚህ ልክ አይቆጠርም፤ የተከራያችሁት አውቶቡስና ያሳተማችሁት ወረቀት ግን ይቆጠራል። ደረሰኞቹን ከሌላው ወጪ ለይታችሁ አስቀምጡ።