ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው የአባቶች ጉዳይ፣ ረቂቁን አብረን እንጨርሰው

ፀሐፊ፦ ሰላም እድርተኞች። ባለፈው ስለ አባቶችና ልጅ አስተዳደግ ስልጠና ይዘጋጅ የተባለው ይቅርብን ባይ ነኝ፣ የሚመጡት ያው እናቶች ናቸው ወንዱ ፈርሞ ውልቅ ነው። ይልቅ ደንባችንን እንንካ፦ ሚስቱ የወለደች አባል ለ40 ቀን ከቀብርና ከድንኳን ተከላ ነፃ ይሁን፣ ቅጣት አይፃፍበት። ምን ትላላችሁ?

ገንዘብ ያዥ፦ አልጠላሁትም ግን 40 በዛ። ድንኳን የሚተክል ጎረምሳ አልቆ እኛ ወገባችን እየተቆረጠ ነው እኮ፣ ደሞ ነፃ አርገነው ሰውየው ዲኤስቲቪ ቤት ኳስ ሲያይ ቢገኝስ?

አባል (ብሎክ 7)፦ እኔ የግል ድርጅት ነው የምሰራው፣ በአዋጅ 1156/2011 ለአባት ያለው 3 ተከታታይ ቀን ነው ለእናት 120። የመንግስት ሰራተኛው በ2010ሩ አዋጅ 10 የስራ ቀን አግኝቷል። ባለቤቴ በኦፕራሲዮን ወልዳ ገና ከአልጋ ሳትነሳ ፈቃዴ አለቀ፣ በዛ ላይ ቀብር ቀረህ ተብዬ ተቀጣሁ ሃሃ። አዋጁ ትንሹን ነው የሚያስቀምጠው፣ በህብረት ስምምነት ከፍ ይላል፣ ሰራተኛ ማህበር ያላችሁ አንሱት እንጂ

ጋሼ (ብሎክ 2)፦ በኛ ጊዜ ምጥ ሲመጣ ወንድ ደጅ ነበር የሚቆመው፣ ገንፎውም የሴቶች ነው። አሁን ወንዱን ማጀት ልታስገቡት ነው?

አባል (ብሎክ 4)፦ ጋሼ ይግባ እንጂ ምን አለበት! የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ህግ ባልን የቤቱ አለቃ ያረገው ነበር፣ በ1992 በወጣው የቤተሰብ ህግ እኩል ሆነዋል፣ የኛ መዝገብ ግን ዛሬም የባልን ስም ብቻ ይዞ ለቅሶ ቤት ወጥ የምትሰራው ሚስት ናት። ኳሱን በተመለከተ፣ ጤና ጣቢያ ስለምሰራ ላግዛችሁ፦ ነፃነቱ እስከ 45 ቀን ክትባት ይሁን፣ ልጁን ራሱ ታቅፎ ይምጣና ካርዱን ለእድሩ ያሳይ። አሁን ለክትባት የሚመጡት ጥቂት አባቶችም የልጁን ክብደት ስንጠይቃቸው ወደ ቤት ነው የሚደውሉት

ገንዘብ ያዥ፦ በካርድ ከሆነ ተስማማሁ። ግን ከድንኳን ብቻ፣ የቅርብ ጎረቤት ቀብር አይቅር

ፀሐፊ፦ እሺ እንዲህ ፅፌዋለሁ፦ ከድንኳን እስከ 45 ቀን ክትባት፣ ከሩቅ ቀብርም ጭምር። መዝገቡ ላይ የባልም የሚስትም ስም ይግባ። አራሷ ከወጥ ስራ ነፃ መሆኗን ደንቡ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፣ እሱንም ጨመርኩ። ተቃውሞ ያለው እስከ አርብ ማታ ይፃፍ፣ ቅዳሜ ፎቶኮፒ ላስደርገው ነው