አኒሜው አልቆ ፍቅሩ ገና ሲጀምር፦ ኖቬሉን ነው ወይስ ማንጋውን ማስቀደም?

ጽጌ_ረዳ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ስለ ጃፓን ፋንታሲ ሮማንስ ነው፤ በተለይ ከላይት ኖቬል (በቅጽ በቅጽ የሚወጣ ቀለል ያለ ልብ ወለድ) ተነስተው ማንጋም (የሥዕል ታሪክ) አኒሜም (የካርቱን ፊልም) ስለሆኑት። አኒሜው 12 ክፍል ያህል ይሄድና ሁለቱ ሰዎች ገና በደንብ ሳይነጋገሩ ያበቃል። ቀጣዩን ፍለጋ ሲወጣ ደግሞ አንዱ ታሪክ በሦስት መልክ ይገኛል፦ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚነበበው፣ የታተመው ኖቬል እና ማንጋው። የትኛው ነው ዋናው? አኒሜው ካቆመበት ልቀጥል ወይስ ከቅጽ 1 ልጀምር? ደግሞስ ሳያልቅ የሚቋረጥ ማንጋን አስቀድሞ መለየት ይቻላል? የምወደው የ«ክፉዋ ወይዘሪት» ዓይነቱን (ጀግናዋ እንደ ክፉ የምትታይ የመኳንንት ልጅ የሆነችበትን)፣ እንዲሁም ሳይፈላለጉ ተጋብተው ቀስ በቀስ የሚዋደዱበትን ነው። በቀል ብቻ የሆነውን አልፈልግም።

ቀኝ_ወደ_ግራ፦
ጽጌ፣ ታሪኮቹ የሚመጡበትን መንገድ ካወቅሽ ግማሹ ጥያቄሽ ይመለሳል። ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ የተወለዱት «ሾሴትሱካ ኒ ናሮ» (ባጭሩ ናሮ) በሚባለው የጃፓን ድረ ገጽ ላይ ነው። ድረ ገጹ እ.ኤ.አ. በ2004 ተከፈተ፤ ማንም ሰው ታሪኩን ያወጣበታል፣ ማንም በነፃ ያነብበታል። ታሪኮቹ ደረጃ የሚይዙት በነጥብ ነው፤ አንድ አንባቢ ታሪኩን ዕልባት ሲያደርግ 2 ነጥብ፣ ኮከብ ሲሰጥ ደግሞ እስከ 10 ነጥብ ይጨምራል። የደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ያልወጣ ታሪክ በብዙ ሺህ ሌሎች ውስጥ ይቀበራል። አልጋ ወራሹ በግብዣ መሃል ተነስቶ «እጮኝነታችን ፈርሷል» የሚልበት ትዕይንት ብዙ ጊዜ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚመጣው ለዚህ ነው። ጸሐፊው አንባቢውን በአንድ ምዕራፍ መያዝ አለበት፤ ፍቅሩ ደግሞ ጊዜ ስለሚፈልግ ወደ ኋላ ይቀራል።

ታሪኩ ከተወደደ አሳታሚ ይወስደዋል። አንድ ቅጽ በጃፓንኛ ብዙውን ጊዜ 100,000 ፊደል ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። አርታኢውና ጸሐፊው አብረው ሲሠሩት አዳዲስ ትዕይንቶች ይጨመራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨመረውም በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ነው፣ ድረ ገጹ ላይ በችኮላ የታለፈው እሱ ስለሆነ። ስለዚህ ድረ ገጹ ላይ ያለውን ረቂቅ፣ የታተመውን ኖቬል ዋና አድርገሽ ያዢ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ «ሃሜፉራ» የሚባለው የክፉ ወይዘሪት ታሪክ ነው። የያማጉቺ ሳቶሩ ሥራ ሲሆን በ2014 ናሮ ላይ ተጀመረ፣ በ2015 መጽሐፍ ሆነ። ድረ ገጹ ላይ የነበረው ታሪክ የሸፈነው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጾች ብቻ ነው፤ ከቅጽ 3 ጀምሮ ያለው ለመጽሐፍ የተጻፈ ነው። የ2020ው የአኒሜ የመጀመሪያ ሲዝንም እነዚያኑ ሁለት ቅጾች ነው የሠራው። ድረ ገጹን ብቻ ያነበበ ሰው «ታሪኩ አልቋል» ሲል፣ መጽሐፉን የያዘው ደግሞ «ገና ነው» ሲል የምታዪው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከቅጽ 1። አኒሜ ከኖቬል ሲሠራ መጀመሪያ የሚቆረጠው የውስጥ ንግግር ነው። «ማይ ሃፒ ሜሬጅ» ላይ ጀግናዋ ሚዮ ብዙ አትናገርም። አኒሜው (2023፣ የመጀመሪያው ሲዝን ቅጽ 1 እና 2 ነው) ዝምታዋን በፊቷና በሙዚቃ ያሳያል፣ ያምራልም። መጽሐፉ ውስጥ ግን ለምን ሁልጊዜ ይቅርታ እንደምትጠይቅ፣ እጮኛዋ ኪዮካ አንድ ደግ ቃል ሲናገራት ለምን እንደምትፈራ ከራሷ አስተሳሰብ ትረጂዋለሽ። እሱን ዘለሽ ቅጽ 3 ላይ ብትገቢ ለውጧ ከየት እንደመጣ አይገባሽም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ ይህ ተከታታይ የሚወጣበት ፉጂሚ ኤል ቡንኮ የተባለው የመጻሕፍት መደብ ለአዋቂ ሴት አንባቢዎች የታሰበ ስለሆነ እንደ ሌላው ላይት ኖቬል በየምዕራፉ ሥዕል አትጠብቂ።

ቅጽ_ሰብሳቢ፦
ከቀኝ_ወደ_ግራ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ግን ኖቬሉን ብቻ ዋና አድርጎ ማንጋውን ሳያነሱ ማለፉ ላይ አልስማማም። የእነዚህ ኖቬሎች አብዛኞቹ በጀግናዋ አንደበት የሚተረኩ ናቸው። እሷ ሰውዬው እንደወደዳት ካልገባት አንባቢውም በእሷ ዓይን ብቻ ነው የሚያየው። ማንጋው ላይ ግን እሷ ስለ መድኃኒት ወይም ስለ ዳቦ ስታስብ ከኋላዋ የሰውዬው ፊት ይታያል። አንባቢው ከእሷ ቀድሞ ያውቃል፣ የደስታው ግማሽም እዚያ ላይ ነው። ኖቬሉ ይህንን የሚያካክሰው በሰውዬው ዓይን በተጻፉ አጫጭር የመሸጋገሪያ ምዕራፎች ነው። ብዙ ሰው ዋናው ታሪክ ላይ ለመድረስ ይዘላቸዋል፤ ከዚያ «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የወደዳት?» ይላል። አትዝለያቸው።

የማንጋው ችግር ፍጥነት ነው። በወር አንድ ምዕራፍ፣ ምዕራፉ 30 ገጽ ቢሆን፣ አንድ ቅጽ ለመሙላት 5 ወይም 6 ምዕራፍ ያስፈልጋል። በዓመት 2 ቅጽ ማለት ነው። አንድ የኖቬል ቅጽ ብዙ ጊዜ 3 የማንጋ ቅጽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚወስድ፣ ኖቬሉ ቅጽ 6 ላይ ሲደርስ ማንጋው ገና የኖቬሉን ቅጽ 2 መጀመሪያ ላይ ቢሆን አይግረምሽ።

ከመጀመርሽ በፊት ሥዕሉን የሚሠራው ማን እንደሆነ እዪ። «ሃሜፉራ» ላይ ኖቬሉንም ማንጋውንም የምትስለው ሂዳካ ናሚ ናት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሪ ሰዎቹ አይለወጡብሽም። «አፖቴከሪ ዳይሪስ» ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ሁለት የተለያዩ ማንጋዎች አሉት። አንዱ በስኩዌር ኢኒክስ ቢግ ጋንጋን መጽሔት የሚወጣ የኔኮኩራጌ ሥዕል ነው፤ ሌላው በሾጋኩካን ሰንዴይ ጂን ኤክስ የሚወጣ የኩራታ ሚኖጂ ሥዕል ነው። ሁለቱም ከአንድ ኖቬል የመጡ ናቸው፣ ግን ምዕራፎቻቸው በቁጥር አይገጥሙም። ሰዎች ከአንዱ ቅጽ 5 ወደ ሌላው ቅጽ 6 ይዘሉና ታሪኩ ጎደለ ይላሉ። ለሁለቱ ዋና ገጸ ባሕርያት፣ ለማኦማኦና ለጂንሺ ስትይ ከሆነ የምታነቢው የኔኮኩራጌውን እመርጥልሻለሁ፤ የፊት አገላለጽ ላይ ይቆያል። ሆኖም ይህ ሥራ ከሁሉ በፊት የምስጢር ፍቺ ነው፤ ፍቅሩ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

ጽጌ_ረዳ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁም። የሁለቱን ማንጋ ነገር ባላውቅ ኖሮ በትክክል እዚያ ስህተት ውስጥ እገባ ነበር። የቀረኝ መምረጡ ነው። በቀል የሚበዛበትንና ፍቅር የሚበዛበትን ሳልከፍተው እንዴት ልለይ? ተሠርቶ ያለቀ ነገርስ አለ?

የጨረቃ_ጥላ፦
ለመምረጡ ታጉን (ጸሐፊው ታሪኩ ላይ የሚለጥፈውን የይዘት ምልክት) ተጠቀሚ። ናሮ በ2016 የታሪክ ክፍሎቹን እንደገና ሲያዋቅር የፍቅር ታሪክን ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ በሌላ ዓለም የሚካሄድ፣ ሌላው በእውኑ ዓለም። አንቺ የምትፈልጊው የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በታች ጸሐፊዎቹ የሚለጥፏቸውን ምልክቶች እዪ። «ዛማ» የሚል ካለበት በዳዮቹ ዋጋቸውን ሲያገኙ ማየት የታሪኩ ዋና ደስታ ነው፤ የሰውዬው ሚና ብዙ ጊዜ እሷን ከውርደት ማንሳት ብቻ ይሆናል። «ዴኪአይ» ካለ ሰውዬው ከመጀመሪያው ጀምሮ በፍቅሯ ያበደ ነው፤ ጣፋጭ ነው፣ ነገር ግን ቀስ በቀስ የሚያድግ ነገር የለውም። አንቺ የምትወጂው ከ«ሴይርያኩ ኬኮን» ጋር ይመጣል፤ ለቤተሰብ ወይም ለመንግሥት ጥቅም የተደረገ ጋብቻ ነው። ሁለት ሰዎች መጀመሪያ ይጋባሉ፣ ከዚያ መተዋወቅ ይጀምራሉ። ቀጥሎ የሚሆነውን መጻፍ ስለሚከብድ ጥሩዎቹ በጣም ጥሩ ይሆናሉ።

ስለሚቋረጠው፦ ከኖቬል የተሠራ ማንጋ የሚቆመው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው የኖቬል ቅጽ ሲያልቅ ነው፤ መጨረሻው ላይ «ክፍል አንድ ተፈጸመ» ይባላል፣ ክፍል ሁለት አይመጣም። ሽያጩ አልበቃም ማለት ነው። ማንጋው ያንን ድንበር ተሻግሮ ወደ ሁለተኛው የኖቬል ቅጽ ከገባ የመቀጠል ዕድሉ የተሻለ ነው። አጭር ከፈለግሽ ደግሞ በአንድ ቅጽ 4 ወይም 5 የተጠናቀቁ የክፉ ወይዘሪት ታሪኮች የሚሰበሰቡባቸው መድብሎች አሉ።

ላለቀ ታሪክ ወደ ቆዩት የሾጆ (ለልጃገረዶች የሚሠሩ) ማንጋዎች ሂጂ፣ በማንጋነት ተጀምረው በማንጋነት ያለቁት። «ፉሺጊ ዩጊ» (1992–1996፣ 18 ቅጽ) ልጅቷ መጽሐፍ ውስጥ የምትገባበት ነው፤ ዛሬ ኢሴካይ (ሰው ወደ ሌላ ዓለም የሚገባበት ታሪክ) የምንለው በዚህ ስም ሳይጠራ በፊት የነበረ። «ሬድ ሪቨር» (1995–2002፣ 28 ቅጽ) ላይ ጀግናዋ ዩሪ ወደ ጥንቱ የኬጢያውያን መንግሥት ትወሰዳለች፤ የምትወደው ካይል ልዑል ነው፣ እሷም ቀስ በቀስ የጦርና የመንግሥት ሰው ትሆናለች። ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህንን ነው፣ ፍቅሩና ፖለቲካው አንድ ላይ ነው የሚያድጉት። ሁለቱም ላይ ግን ጀግኖቹ የመደፈር አደጋ በተደጋጋሚ ይገጥማቸዋል፤ ያንን ማንበብ የሚከብድሽ ከሆነ «ካሚሳማ ኪስ» (2008–2016፣ 25 ቅጽ) ቀለል ያለ ነው።

ቅጽ_ሰብሳቢ፦
በ«ሬድ ሪቨር» እስማማለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጾች ይሯሯጣሉ፣ ከቅጽ 3 በፊት አትፍረጂ።

ቀኝ_ወደ_ግራ፦
ሁለት ነገር ልጨምር። በቀለም ተሥሎ ስልክ ላይ ወደ ታች እየተገፋ የሚነበብ የክፉ ወይዘሪት ታሪክ ካጋጠመሽ አብዛኛውን ጊዜ የኮሪያ ዌብቱን (በኢንተርኔት የሚወጣ የሥዕል ታሪክ) ነው። ጥሩ ጥሩ አለው፤ ግን የጃፓን ኖቬሉን ፍለጋ ብትደክሚ አታገኚውም፣ ከጀርባው ያለው የኮሪያ ዌብ ኖቬል ነውና።

ሌላው፣ ጃፓን ውስጥ አንድ ቅጽ ሲወጣ የመጽሐፍ መደብሮች ለየራሳቸው የተጻፈ አጭር ታሪክ በወረቀት ይሰጣሉ፤ ብዙ ጊዜ በሰውዬው ዓይን የተጻፈ ነው። የተተረጎሙ እትሞች ውስጥ ሁልጊዜ አይካተቱም። ኤሌክትሮኒክ እትም ስትመርጪ «ተጨማሪ አጭር ታሪክ አለው» የሚለውን ፈልጊ፤ ሁለቱ ካንዱ ቅጽ ወደ ሌላው እንዴት እንደተቀራረቡ አንዳንዴ የሚገኘው እዚያ ነው።